ዓይኔን ጨፍኜ ያስተረጎምኩት ፊልም

ፈሪ ያልሆነ ሰው የለም። ያለው ፍርሃቱን የሚሸሽግበት ያገኘ ሰውና ያላገኘ ሰው ነው። «እኔ እንኳ ምንም አያስፈራኝም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ውሸቱን ነው፣ ወይ በዚያ በደርግ ጊዜ ጉርድ ሾላን አመሻሽ ላይ በእግሩ አቋርጦ አያውቅም። ያኔ ጉርድ ሾላ እንደ ዛሬው ሱቅና ቢሮ የተደረደረበት እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዛፍ ነበር፣ ጭለማ ነበር፣ ጅብ ነበር። ከሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ሰዓት እላፊ የማይመለከተው እሱ ጅቡ ብቻ ነበር።

እኔ ተከራይቼ የምኖረው እዚያ ነው። ኩባ ሄጄ እርሻ ተምሬ መጥቻለሁ፤ ስፓኒሽ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። በዚህ ላይ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ጥላዬን የምፈራ ሰው ነኝ። ይህንን ጉዴን በመሥሪያ ቤታችን የምታውቀው አንዲት ታይፒስት ብቻ ነበረች። አንድ ቀን የግምጃ ቤቱ ድመት ከመደርደሪያ ላይ ዱብ ሲል እኔ ጠረጴዛዋ ላይ ወጥቼ ቆሜ አገኘችኝ። ስሟ ሰናይት ነው። ሳቀች፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሥር ሰደደና ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ ጋሽ ተሰማ ቦሌ ነው ቤታቸው። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ንግግራቸው በልክ የሆነ። ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው ሲያበቁ «እናንተን ሰምተናል። ልጁን ራሱን ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልየው» አሏቸው። እንግዲህ ሰው «ልየው» ሲባል ምን እንደሚታይ አይነገረውም። ቁመቱ ይሁን፣ አበላሉ ይሁን፣ አሳሳቁ ይሁን... ራሱ መገመት አለበት።

«እኔ ልንገርህ» አለችኝ ሰናይት። «አባቴ ደፋር ሰው ነው የሚወደው። ወንድሜ ደፋር ነበር። እሁድ ስትመጣ አደራህን፣ ድመት ቢዘልብህም ንቅንቅ እንዳትል።»

ወንድሟ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራለት ደፋር ነበር። እኔ በእሱ ልክ ልመዘን ነው ማለት ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሳሎኑ የጎረቤት ሰው ግጥም ብሎበታል። ለካ ጋሽ ተሰማ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ የቪዲዮ ማጫወቻ ይዘው መጥተዋል። ለካ በጎረቤት ይኖር የነበረ አንድ የኩባ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ «ማስታወሻ ይሁናችሁ» ብሎ ካሴት ትቶላቸዋል። ሽፋኑ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ሐኪም የሰጠው ስለሆነ ሁሉም ስለ ጤና ነው ብሎ ጠብቋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ሲከርም፣ ይኸው ከኩባ የተመለሰ አማች በእግሩ መጣላቸው።

ወጣቶች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። ያኔ ቪዲዮ ያለው ቤት አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና እነሱ በቋንቋቸው ሲሉ እሱ በአማርኛ ይላል። የህንድ ፊልም ከሆነ ማንም ያስተረጉመዋል፣ ቋንቋውን ባያውቀውም። የስፓኒሽ ግን ሰው ይጠይቃል። ለእኔ የክብር ቦታ ተዘጋጅቶልኛል፤ በቴሌቪዥኑና በጋሽ ተሰማ ወንበር መካከል አንዲት ዱካ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሰናይት ወንድም፣ በወታደር ልብሱ ሆኖ፣ በፎቶ ቁልቁል ያየኛል። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ጥቁራቸውን ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ሰላም ሲሉኝ እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ እንዳታበራ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን መስኮት ሸፍኖ፣ በር ዘግቶ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ መቀመጥ! ጋሽ ተሰማ ብልህ ናቸውና መላ ዘይደዋል። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ራሱን ጋብዘው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። «ከሚሰማብን አብሮን ቢያይ ይሻላል» ነው ነገሩ።

ፊልሙ ጀመረ። ዝናብ። ትልቅ ያረጀ ቤት። አንዲት ትንሽ ልጅ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እናቷን ትጠይቃለች። በስፓኒሽ የጠየቀችው ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ክው አልኩ። «ዶኛ ኢሳቤል ከሞተች በኋላ ለምንድነው ማታ ማታ አልጋዬ ላይ የምትቀመጠው?» ነው ያለችው።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ! የተማረ ሰው መከራ ይህ ነው። ሌላው ሰው ገና ቆንጆ መጋረጃ እያየ ነው፤ እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ዶኛ» ማለት እንደ እኛ «እመቤት» መሆኑን ጨምሬ ነገርኳቸው። ወዲያው በኮሪደሩ ጫፍ ዶኛ ኢሳቤል ብቅ አለች፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላ መሰል ነገር ተከናንባ፣ በባዶ እግሯ። ከኋላዬ የሚጮህ ሰው ስጠብቅ የሰናይት አክስት እትዬ ብዙነሽ፣ «እሰይ፣ ከቅዳሴ ተመለሰች» አሉ።

ፈረንጅ ይህንን አላሰበበትም። ነጭ የለበሰችና ጫማዋን ያወለቀች ሴት እኛ አገር ማንን ታስፈራለች? ቤቱ ሁሉ በፍቅር ዓይን ተመለከታት። አንዷ ጎረቤት «ፊቷ ግን ገርጥቷል» አለች፤ ሌላዋ «ጾም ይዛ ይሆናል» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የምንቀጠቀጠው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም በአባቷ ጉልበት ሥር።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ላድርግ? ጆሮዬ ከሠራ ይበቃል ብዬ እጄን ግንባሬ ላይ ጣል አደረግሁና አንገቴን ደፍቼ የሰማሁትን ብቻ ማስተርጎም ያዝሁ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ተሰማ ለሊቀ መንበሩ ጠጋ ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። «አየኸው? ቋንቋ የጠለቀው ሰው ስክሪን ማየት እንኳ አያስፈልገውም።» ልቤ በደስታ ሞቅ አለ። ተመስገን፣ ልጅቷን አገኘኋት አልኩ።

«አንዴ ቆይ ጓድ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሴትዮዋ ሞታለች ነው ያልከው?»

«አዎ ጓድ።»

«ታዲያ እንዴት ትራመዳለች? ይህ ሳይንሳዊ ነው?»

በዚያ ዘመን እንኳን የሞተ ሰው በሕይወት ያለውም ያለ ፈቃድ ብዙ አይንቀሳቀስም። ፈጠን ብዬ «ጓድ፣ እነዚህ ሰዎች ገና አልነቁም። የሚኖሩት በቡርዧ ሥርዓት ውስጥ ነው» አልኩ።

«እህ! ቀጥል» አለ ረካ ብሎ። ከዚያ የፊልሙን ቤት ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ይህ ሁሉ ክፍል የአንድ ሰው ነው? ትርፍ ቤት ነው እኮ! መወረስ ነበረበት» አለ።

እትዬ ብዙነሽ ግን የቤቱ ነገር አላሳሰባቸውም። ሲብሰለሰሉ ቆይተው ምርመራቸውን ጨረሱ። «ገብቶኛል» አሉ። «ተዝካሯን አላወጡላትም። ያ ባሏ ነው፣ ያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሸበቶ። ቤቷን ወርሶ አርባዋን ሳያወጣ ቁጭ ብሏል። ታዲያ በየት በኩል ትረፍ?»

«እውነትሽን ነው» አለ ቤቱ በሙሉ።

«ንገራቸው እንጂ ልጄ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው። አይሰሙኝም።»

«ቋንቋቸውን ታውቅ የለም እንዴ?»

ምን ይባላል? ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የመንፈስ ፊልም መሆኑ ቀረና የዕድር ጉዳይ ሆነ። ሸበቶው በታየ ቁጥር ከኋላ «አንተ ስስታም!» ይሉታል፤ ዶኛ ኢሳቤል ብቅ ስትል «አይዞሽ እናቴ» ይሏታል። እኔም ዓይኔን እንደ ጨፈንኩ ትንሽ መረጋጋት ጀመርኩ።

ነገሩ የተበላሸው ደግነት ሲጨመርበት ነው። እትዬ ብዙነሽ ፊቴን አይተው «ልጁ ደከመው፣ ላብ በላብ ሆነ» ብለው ተነሡ። ውኃ ሊያመጡልኝ ወደ ጓዳ ሄዱ። እኔ በተጨፈነው ዓይኔ አላየኋቸውም።

በዚያው ቅጽበት ፊልሙ ዝም አለ። ሰው አይናገር፣ ሙዚቃ የለ፣ ምንም። ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ከጩኸት የበለጠ የሚያስፈራው ዝምታ ነው። «ምን እያሉ ነው?» አለኝ ሊቀ መንበሩ። ምንም እያሉ አይደለም! በር ሲጥጥ አለ። የፊልሙ በር ይሁን የቤቱ፣ በምን ልወቅ? አንድ ዓይኔን ብቻ ቀስ አድርጌ ገለጥ አደረግሁ።

ዶኛ ኢሳቤል ከሸበቶው ወንበር ኋላ ቆማ እጇን ወደ አንገቱ ትዘረጋለች። እኔም አንገት ላይ አንድ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነገር አረፈ። ዞር ስል... ነጭ በነጭ የለበሰች ሴት!

«ድረሱልኝ!»

የሚገርማችሁ ነገር፣ ማንም አልደነገጠም። አስተርጓሚ ነኝ አይደል? «ድረሱልኝ አለ ሸበቶው» ተባባሉ። አንዷማ «የእጁን ነው ያገኘው» ስትል ሰምቻለሁ። ነገሩ ትርጉም አለመሆኑ የታወቀው ከዱካዬ ተፈናጥሬ ጋሽ ተሰማ ጭን ላይ ወጥቼ አንገታቸውን ሳንቅ ነው። ብርጭቆው ወድቆ ተከሰከሰ። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ! ዶኛ ኢሳቤል ያላስፈራችውን ሕዝብ እኔ አሸበርኩት። ወንበር ተገለበጠ፣ ሴቱም ወንዱም ወደ በሩ ተግተለተለ። ቀድሞ የወጣው ሳይንሳዊው ሊቀ መንበራችን ነው። እትዬ ብዙነሽ በዚያ በነጭ ነጠላቸው መካከል ላይ ቆመው «ኧረ ውኃ ነው! ምን ሆናችሁ?» ይላሉ።

አንዱ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ጎተተው። የቦሌ ፀሐይ ቦግ ብላ ገባች፤ እኔ እንደ ሕፃን ልጅ አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሰው ጭን ላይ ነኝ። ሰናይት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ አላውቅም። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ቀና ብዬ የወንድሟን ፎቶ ማየት አፈርኩ።

«ውረድ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ተሰማ።

ወረድኩ።

«ዓይንህን ከመቼ ጀምረህ ነው የጨፈንከው?»

«ከዝናቡ ትንሽ ቆይቶ ነው ጋሼ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?»

«ኧረ ዛሬስ ሰው ስላለ በርትቻለሁ።»

አልሳቁም። ፎቶውን አዩ፣ ከዚያ ጥግ ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ዞሩ። ወይዘሮ አስካለ ከዚያ ሁሉ ትርምስ ከቦታቸው አልተነሡም ነበር።

«ነገ ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«እምቢታውን ለእኔ ቢነግሩኝ ይሻላል ጋሼ። ሽማግሌዎቹን ለምን ላድክማቸው?» አልኩ።

«ማን እምቢ አለህ? እዚህ ቤት ደፋር ነበረን። አገር የመሰከረለት። ደፋርን ሲወጣ ታየዋለህ፣ ታጨበጭብለታለህ። ለልጄ የምፈልገው ግን የሚገባ ሰው ነው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤትህ ትገባለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምገባው!»

ያኔ ወይዘሮ አስካለ ሳቁ። ሰናይት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ወንድሟ ከቀረ ጊዜ ጀምሮ እናቷ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም። ጋሽ ተሰማ ሳቁን ሰሙና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ» አሉ። «ይህችኛዋ አንዴ አልቅሳለች። ይበቃታል።»

እኔም እዚያው አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልደበቅሁትም።

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ተመልሶ ገባ። ሊቀ መንበሩ መጨረሻ ላይ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ሴትዮዋ ሄደች?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ብዙነሽ ግን በኋላ፣ በሰርጋችን ሽር ጉድ መካከል እንኳ፣ ጉዳያቸውን አልረሱም። «ያቺ ምስኪን ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ኢሳቤል።»

«የክርስትና ስሟስ?»

«እትዬ፣ ፊልሙ ላይ አልተነገረም።»

«ግዴለም፣ እሱ ያውቀዋል» ብለው ድፎ ዳቦ ደፉና ሰፈሩን ጠርተው አበሉ። ሊቀ መንበሩም መጣ። «ለመንፈሷ አይደለም፣ ለዳቦው ነው» እያለ ደጋግሞ ቆረሰ።

ካሴቱ ዛሬም ቤታችን አለ። ሰናይት በዚያ ቀን ያቋረጥነውን ፊልም ከሰርጋችን በኋላ እስከ መጨረሻው አየችው፤ እኔ ጎኗ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ አስተረጎምኩላት። የፈሪ እናት አታለቅስም መባሉ እውነት ነው። የፈሪ ሚስት ግን ዕድሜ ልኳን ፊልም የምታየው ብቻዋን ነው።