ጉማሬ ብቻ የቀደማቸው ሰው

ባባ ዙማና የሚባሉትን ሽማግሌ፣ የኩሊባሊ ዘር የሆኑትን፣ በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ጎረቤታቸው ሆኜ ብዙ ዓመት ብኖርም ሲናገሩ ከመስማት በቀር አንድ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ሰፈር ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አያጣም፤ «ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበረ?» የሚል።

የእኛ ሰፈር ከባማኮ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ኒጀር ወንዝ ዳር ነው። ክቡርነታቸው ባባ ዙማና ታሪክ ነጋሪው፣ መዝገብ ቤቱና ሐውልቱ ናቸው። ውሃ ሲቋረጥ፣ «እኔ ስመጣ ቧንቧ የት ነበረና» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ፣ «እኔ ስመጣ ጨረቃዋም ገና አልደረሰችም።» ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ኳስ እየታየ ሳይቀር፣ «እኔ ስመጣ ሣርና ጉማሬ ብቻ!» ጉማሬዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ይበዛሉ። አንዷማ ደጃፋቸው ላይ ወልዳ አራስ ሆና ከርማለች።

እማማ ዋሳ ትራኦሬ ብቻ አይምሯቸውም። በእኛ ዘንድ የትራኦሬ ዘር የኩሊባሊን ዘር «አደንጓሬ በላ» እያለ ቢሰድብ የቀልድ ወግ ነው፤ ቅር አይባልም።

«አንተ አደንጓሬ በላ፣ ጉማሬዎቹ አንተን አይተው ነው አገር የለቀቁት።»

«አንቺም አደንጓሬዬን ልትበደሪ መምጣትሽ አይቀርም።»

ዘንድሮ ባለ ፎቁ ጎረቤታችን ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ በግንብ ዘጋው። እማማ ዋሳና ሌሎቹ ሴቶች ሰላጣና ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት በዚያ ወርደው ነው፤ ከተዘጋ አትክልቱም ገበያውም አበቃ። የሰፈሩ አለቃ ደጅ ተሰበሰብን።

«መንገድ አልነበረም» አለ ባለ ፎቁ። «ምስክሬ ባባ ዙማና ናቸው። ሣርና ጉማሬ ብቻ ነበር ሲሉ ያልሰማ አለ?»

ሁላችንም ሰምተናል። እማማ ዋሳ ወደ ባባ ዙማና ዞሩ።

ባባ ዙማና ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ።

«መንገዱ ነበረ» አሉ። «የመጣሁ ቀን ሴቶች ልብስ አጥበው በዚያ ሲወጡ አግኝቻለሁ። የምጠጣውን ውሃ የሰጡኝም እነሱ ናቸው።»

«ጉማሬዎቹስ ታዲያ?» አለ ባለ ፎቁ።

«እነሱም በመንገዱ ነበር የሚወጡት።»

አለቃው ግንቡ እንዲፈርስ ወሰኑ። ባባ ዙማና ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን የቀዳሚነት ሹመት በሁለት ቃል አስረክበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አብሬያቸው ወጣሁ። ነገ ጠዋት «እኔ ስመጣ» የሚል ሰው ባይኖር ሰፈሩ የማን ሰፈር ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እንደ ምንም ደፈርኩ።

«ባባ፣ እርስዎ ሲመጡ ታዲያ ስንት ቤት ነበረ?»

ክርኔን ያዝ አደረጉኝ።

«የቤቱን ቁጥር ተወውና ጭቃውን እያየህ ሂድ» አሉኝ።