የዶን ኤሊዮዶሮ ጉልበት

ሰው ለጤናው ብሎ የሚወጣው ተራራ ሁሉ ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሰው አለው። የሚያማቸውስ ብዙ ናቸው፤ ግን ሌሎቹ ዝም ብለው ነው የሚያማቸው። እኔ የምለው ሕመሙን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚዞረውን ነው። ሩጫ ባለበት ሜዳ አለ፣ ዋና ባለበት ገንዳ አለ። አቁም ቢሉት አያቆምም፤ ዝም በል ቢሉት ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

ከቦጎታ ከተማ በላይ በቆመው በሞንሴራቴ ተራራ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዶን ኤሊዮዶሮ ፒንዞን ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ከማክሰኞ በቀር በየማለዳው ይወጣሉ። ማክሰኞ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል፤ እሳቸውም ማክሰኞን እንደ ግል ጠላት ነው የሚያዩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ከሺህ ስድስት መቶ የሚበልጥ ደረጃ ወጥተው፣ እላይ ከሻጯ ከጊልማ ጋ ትኩስ የፓኔላ፣ የሸንኮራ ጥቁር ስኳር፣ ውሃ በአይብ ጠጥተው፣ በእግራቸው ወርደዋል። እኔም ሰባት ዓመት ከኋላቸው ወጥቻለሁ። ከኋላ የምሆነው ቀርፋፋ ሆኜ አይደለም። ከኋላ ያለን ሰው ማንም አያየውም። ደግሞም እሳቸው ስለሚናገሩ እኔ መናገር የለብኝም። ለእኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግራ ጉልበታቸውን “አለቃዬ” ነው የሚሏት። “አለቃዬ ዛሬ በክፉ ተነሥታለች።” “አለቃዬ ዝናብ ሸትቷታል።” ቦጎታ ውስጥ ዝናብ ይመጣል ብሎ መተንበይ ከቅዳሜ በኋላ እሑድ ይመጣል እንደማለት ነው። እሳቸው ግን በዘነበ ቁጥር ዞር ብለው ያዩናል፤ እስክናጨበጭብ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ያልሞከሩት መድኃኒት የለም። አንድ ሰሞን የእባብ ሞራ ነበር። ቀጥሎ ከገበያ የተገዛ አረንጓዴ የማሪዋና ቅባት ሆነ፤ ያኔ የፖሊሱ ውሻ ከመግቢያው እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ በፍቅር ተከተላቸው። ከዚያ ደግሞ ጥቅል ጎመን ያድናል አሏቸውና ቅጠሉን ከሱሪያቸው ስር አስረው መጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሾልኮ ወደቀ።

“ዶን፣ ሰላጣዎ ወደቀ” አለቻቸው አንዲት ሯጭ።

“ሰላጣ አይደለም፣ መድኃኒት ነው!” ብለው አነሡት፣ አራገፉት፣ ወደ ቦታው መለሱት።

የሌላ ሰው ጉልበትም አይተው አያልፉም። ሯጭ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ “ወጣቱ! በተረከዝህ አትምታ! ይሄ መለዋወጫ የለውም!” ይላሉ። አንዱ ባለጌ መልሶ፣ “አያቴ፣ ልሸከምዎት?” አላቸው። “አንተ? አንተን ራስህን ጫማህ ነው የተሸከመህ!” አሉት። ልጁ እውነትም ጫማው ከሱ በላይ ያበራ ነበር።

የሚደጋግሟቸው ሁለት አባባሎች አሏቸው። አንደኛው፣ “ጉልበት እንደ ፍሬን ነው። ከጮኸ፣ ሸራው ገና አለ ማለት ነው” የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ባቡሩ ነው። ከተራራው አናት ወደ ታች በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ፤ የደከመው በሱ ይወርዳል። ዶን ኤሊዮዶሮ ግን በጣቢያው በር ባለፉ ቁጥር የተሰለፈው ሕዝብ እንዲሰማ፣ “በባቡር የሚወርድ ሰው አይደለም፣ ሻንጣ ነው!” ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብለውታል። ያልሰማቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የጎዳቸው ይሄኛው ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያለፈው ዓመት ስቅለት ዕለት ነው። ያን ቀን ተራራው የስፖርተኛ አይደለም፣ የስለተኛ ነው። አናቱ ላይ ላለው፣ መስቀሉን ተሸክሞ ለወደቀው ጌታ ቤተ ክርስቲያን ስለት ያለበት ሰው በባዶ እግሩ ይወጣል፤ የባሰበት በጉልበቱ ይወጣል። እኛም በሕዝቡ መሃል እየተጋፋን ወጣን። ከመጨረሻው መታጠፊያ በላይ ደረጃው ቀጥ በሚልበት ቦታ ላይ አለቃቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ከዳቻቸው። ቀጭ ስትል እኔም ሰምቻለሁ። ዶን ኤሊዮዶሮ በሁለት ጉልበታቸው ዘጭ አሉ።

ላነሣቸው ስሮጥ ከቦያካ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ቀደሙኝ። አሮጊቷ ግን ሊያነሡ አልነበረም የመጡት። ሩዋናቸውን፣ ያን የሱፍ ካባ፣ አውልቀው፣ አጥፈው፣ ከዶን ኤሊዮዶሮ ጉልበት ስር አነጠፉላቸው።

“አይዞዎት የኔ ጌታ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት” አሏቸው።

ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ኮፍያ ያደረገ አወለቀ።

“ስለትዎ ለምን ነው?” አሉ አሮጊቷ።

ዶን ኤሊዮዶሮ ወደ እኔ አዩ። “ወድቄ ነው” ማለት ነበረባቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጣ ሰው ወደቀ እንዲባል ግን አልፈለጉም።

“ለጉልበቴ” አሉ።

“ለጉልበትዎ፣ በጉልበትዎ!” አሮጊቷ አለቀሱ። “እንዲህ ያለ እምነት አይቼ አላውቅም!”

ከዚህ በኋላ በምን አፍ ይነሡ? ሃያ ሁለት ደረጃ ተንበርክከው ወጡ። አሮጊቷ ሩዋናቸውን ከፊት ከፊት ያነጥፋሉ፣ ሕዝቡ መቁጠሪያ ይደግማል፣ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን በጸሎቱ ውስጥ ደብቄያለሁ። እላይ ስንደርስ አንድ ሰው እጃቸውን ሳመ። ጊልማ ብቻ አይቧን እየቆረጠች፣

“ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ወድቀው ነው አይደል?” አለች።

“ሰው ሁሉ ወድቆ ነው የሚጸልየው” አሏት።

መውረዱ ግን አላሳቀኝም። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ወደ ፊት መራመድ ሲያቅታቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ ወረዱ። ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ላለመስጠት መስሎት እንደገና አደነቃቸው። እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። በዚያ ብርድ ያልባቸው ነበር።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። “ሐኪም ፊት ብቻውን የቀረበ ሰው ያልነበረው በሽታ ይገኝበታል” ብለው ነው የወሰዱኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ አየችው። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልስ አጥንት ሊያልቅ ነው አለች። ዶን ኤሊዮዶሮም ያው የፍሬኑን ነገር ነገሯት። እሷ አልሳቀችም።

“ስንት ዓመት ነዱ?”

“ሠላሳ አንድ።”

“ከተራራ ሲወርዱ ፍሬን እየረገጡ ነበር?”

“እብድ ነኝ? በማርሽ ነው እንጂ! ሸራ የሚበላው እኮ ቁልቁለት...”

“እንግዲህ ራስዎ አሉት” አለች ሐኪሟ። “ስፖርቱን ይተዉ አልልም፤ ቢተዉት ይብስብዎታል። የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳይዎታለሁ፣ በየቀኑ ይሥሩት። በሳምንት ሦስት ቀን ቀስ ብለው ይውጡ። መውረድ ግን በባቡር ብቻ። እንደ ድሮው በእግር ከወረዱ በዓመት ውስጥ መውጣቱንም እከለክላለሁ።”

ከዚያ ወጥተን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። እዚያ ስንደርስ፣ “ሻንጣ” አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ጠፉ። ተራራው ጸጥ አለ። መጀመሪያ ላይ ጸጥታውን ወደድኩት ብዬ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን የወፍ ድምፅ ሳይቀር ሰለቸኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ላስ ክሩሴስ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። በነጠላ ጫማ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ።

“አለቃዎ እንዴት ናት?” አልኩ።

“የቷ አለቃ?” አሉ።

ያኔ ነው የፈራሁት።

“ልጄ ባራንኪያ ና እያለችኝ ነው” አሉ። “ሜዳ ነው አገሩ። ደረጃ የለው፣ ዳገት የለው።”

“ይሄዳሉ?”

“እዚህ ምን አለኝ? በእግሬ የማልወርደውን ልወጣ?”

ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ከተራራው ሌላ የሚሄዱበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። እዚያ ሞቃት ሜዳ ላይ፣ ብርድ ልብስ በማያስፈልግበት አገር እንኳ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ተቀምጠው ታዩኝ።

እኔ በሰው ፊት ውሸት ቀርቶ እውነት መናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አፌ ራሱ ተናገረ።

“ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ጉልበቴን አመመኝ” አልኩ።

አላመመኝም። ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ተንበርክኬ ሳሽ ጉልበቴ አንድ ቀን ቅር ብሎት አያውቅም።

ቴሌቪዥኑን አጠፉት። “የትኛው?”

“ቀኙ።”

“ስትወጪ ነው ስትወርጂ?”

“ስወርድ።”

“ስትወርጂ!” ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ወደቀ። “ነግሬሽ ነበር! ሰባት ዓመት ሙሉ ነግሬሽ ነበር!” ነግረውኝ አያውቁም። ጫማቸውን ፍለጋ አልጋ ስር እየገቡ፣ “ያበጠ ነገር አለው? ሲታጠፍ ይጮሃል? ይጩህ፣ ይጩህ! ከጮኸ ደግ ነው!” ይላሉ።

“ሐኪሟ ያለችውን ሰምቼ ነበር” አልኩ። “በባቡር ብወርድ ብዬ ነው። ግን ያን ነገር ብቻዬን እፈራዋለሁ።”

እጃቸው የጫማ ማሰሪያው ላይ ቆመ። እኔም ወለል ወለሉን አየሁ።

“እሱማ ልክ ነሽ፤ ብቻሽን የምትሳፈሪ አይደለሽም” አሉ። “እኔ ልሸኝሽ እችላለሁ።”

ቅዳሜ ወጣን። ቀስ ብለን፣ በየመታጠፊያው እያረፍን፤ “ለሮስሚራ ስንል ነው” እያሉ ለሚያልፈው ሁሉ ይናገራሉ። እላይ ደርሰን ወደ ጣቢያው ስንታጠፍ ጊልማ አየችን።

“ዶን ኤሊዮዶሮ! ሻንጣ ሆኑ?”

“ሻንጣዋ እሷ ናት” አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። “እኔ ተሸካሚ ነኝ።”

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ። በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን እግሬን ትንሽ ጎተት አደረግሁ።

በባቡሩ ውስጥ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ተሳፋሪው ሁሉ ጉልበት ተናገሩ። ባቡሩን የሚነዳው ሰው ከታች ስንደርስ የሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ነበር፤ ምን ያህል ሞራ፣ ስንት ቀን እንደሚታሸት የተጻፈበት።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሁ እናደርጋለን። ሐኪሟ ያዘዘችውን የጭን እንቅስቃሴ እኔንም ያሠሩኛል፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ተደግፈን፣ እየቆጠሩ። አለቃቸው ተመልሳለች፣ ዝናብም ይሸታታል። ባራንኪያ ላለችው ልጃቸውም፣ “እንዴት ልምጣ? እዚህ በሽተኛ አለብኝ” አሏት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከክሁ የምሄድ ሴት፣ ስሜን የማያውቁ ሯጮች “ዶኛ ሮስሚራ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?” እያሉኝ ያልፋሉ። አረንጓዴውንም ቅባት በግድ ቀብተውኝ የፖሊሱ ውሻ አሁን የሚከተለው እኔን ነው።

ማስመሰል ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የለኝም። ትናንት ጊልማ ጋ ጽዋችንን ጨርሰን ስንነሣ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው መሰለኝ፣ በግራዬ አነከስኩ።

ከጊልማ ዓይን ምንም አያመልጥም። “ሮስሚራ፣ ሐሙስ ዕለት ቀኝሽ አልነበረም እንዴ?” አለች፣ ሰው እየሰማ።

ዶን ኤሊዮዶሮ ኮፍያቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

“ጊልማ፣ አንቺ ስለ አይብ ታውቂያለሽ። ጉልበትን ለባለሙያ ተዪ” አሉ። “የእሷ ሕመም ተዘዋዋሪ ነው። በራጅ እንኳ አይያዝም።”

ክንዴን ይዘው ወደ ባቡሩ አስገቡኝ። በሩ ተዘጋ፣ መውረድም ጀመርን። እሳቸው ከታች የተዘረጋችውን ከተማ በመስኮቱ እያዩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ሌላው ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ቀኝ ነው ሮስሚሪታ” አሉ። “ቀኝሽን ይዘሽ ንጂ።”