ጨው ያነሰው ቦንቦሊኖ

እኔ በቦንቦሊኖ ላይ ክፉ አልናገርም። ጓደኛዬን የዳርኩት በቦንቦሊኖ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! እስቲ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና የገባን ሰሞን ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፣ መብራት ደስ ሲለው ይበራል፣ ጠዋት ሚኒባስ መያዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ግብግብ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰው ምን ይከፍታል? ሱቅ፣ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት። ጋሽ ወርቅነህ ግን የቦንቦሊኖ ሬስቶራንት ከፈቱ። ጠረጴዛ ያለው፣ ሜኑ ያለው፣ ሹካና ቢላዋ የሚቀርብበት። ያቺ ትምህርት ቤት በር ላይ በጋዜጣ ተጠቅልላ የምትሸጠው ቦንቦሊኖ፣ በሹካ!

ጋሽ ወርቅነህ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ባቡሩ ከእሳቸው አልወጣም። ሜኑውን በሙሉ በባቡር ጣቢያ ስም ሰየሙት። "አቃቂ" ስኳር ብቻ የተነሰነሰባት ባዶዋ ናት። "ናዝሬት" የብርቱካን ማርማላታ፣ "ድሬዳዋ" ቴምር አለባት። "አዋሽ" ሚጥሚጣ ያለው ጥብስ፣ "ሞጆ" ደግሞ ወፈር ያለ ሽሮ በሆዷ ይዛለች። አዎ፣ ሽሮ። ትኩስ ቦንቦሊኖ ከመጥበሻ በወጣ ቁጥር ጋሽ ወርቅነህ ፊሽካ ይነፋሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ትራፊክ ፖሊስ የመጣብኝ መስሎኝ ደንግጫለሁ፣ መኪና እንኳ ሳይኖረኝ።

ምግቡስ? ጣፋጮቹ እጅ ያስቆረጥማሉ። ጥብስና ሽሮ ያለባቸው ግን ከጨው ጋር ተዋውቀው አያውቁም። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ይባል የለ? እዚያ ቤት የሚጣፍጠውም የሚጣለውም ጨው አልነበረም። ታዲያ ማን ደፍሮ ይንገራቸው? የበላው ሁሉ "ቆንጆ ነው ጋሼ!" ይልና ይወጣል፣ ሁለተኛ አይመለስም። ይሉኝታችን እኮ አያድርስ ነው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

ጓደኛዬ ስንታየሁ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን ነው። የጋሽ ወርቅነህን ልጅ ሰላማዊትን ይወዳል። ሰላማዊት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷን የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሽሮውንና ጥብሱን የምትሠራውም እሷ ናት። ስንታየሁ ሁለቴ ሽማግሌ ላከ። ሁለቴም ጋሽ ወርቅነህ "እስቲ ላስብበት" ብለው ሸኟቸው። ሰላማዊትም "አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም፤ በሦስተኛውም እንቢ ካለ ይቅርብን" አለችው። ልጁ እህል አልበላ አለው፣ ሸሚዙ ሁሉ ሰፋው።

ሦስተኛውን ሽምግልና የሚመሩት ሐጂ ሸረፋ ነበሩ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ አንደበታቸው ማር የሆነ የስልጤ ሰው። ሁለተኛው የስንታየሁ አጎት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ በዋዜማው ወገባቸውን ያዛቸው። ሁለት ሆኖ መሄድ ደግሞ ደስ አይልም። ማን ይተካ? እኔ! ገና አርባ ሳልሞላ ፀጉሬ ጥጥ መስሏል። ነጭ ጋቢ ተውሰው አለበሱኝ። ሐጂ መንገድ ላይ አስጠነቀቁኝ። "አንተ አፍህን አትከፍትም። ለመናገርም፣ ለመብላትም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም።"

እሁድ በጠዋት ሄድን፤ እኔ ቁርስ አልበላሁም። የጋሽ ወርቅነህ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ሽማግሌ ደረጃ ማስወጣት ነውር ነው ብለው ሬስቶራንቱ ውስጥ ተቀበሉን። ጥቂት ቆመን ተግደረደርንና ተቀመጥን። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ፤ አንድ ሳህን ትኩስ "ሞጆ" መጣ።

"ሐጂ ስላሉ ሥጋ አላቀረብኩም፣ ሽሮ ላይ ማንም አይጣላም። ብሉ!" አሉ።

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም እህል እንደማንቀምስ ነገሯቸው። ጋሽ ወርቅነህም እንግዳ ሳይበላላቸው መልስ እንደማይሰጡ ነገሩን። ሐጂ ወግ ነው አሉ። ጋሽ ወርቅነህ፣ ወጉ ሲወጣ ቦንቦሊኖ አልነበረም፣ ይቀዘቅዛል አሉ። ተፋጠጥን። አምስት ደቂቃ አለፈ።

እኔ ዝም ብዬ ሰውየውን አያቸዋለሁ። ዓይናቸው በየደቂቃው ወደ ጓዳው መጋረጃ ይሄዳል። ከመጋረጃው ጀርባ ሰላማዊት አለች። ለካ ሰውየው የያዙት ቀን መግፋት ነው! እኛን ጠልተው አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ባዶ ቤት ፈርተው ነው። አንጀቴን በሉት።

አንጀቴ ግን ሌላም ጉዳይ ነበረው። ሽሮው ይሸታል፣ ሆዴ ይጮሃል። እጄ እንዴት እንደተዘረጋ አላውቅም። አንድ "ሞጆ" አነሳሁና ገመጥኩ። ትኩሱ ሽሮ በአገጬ ወርዶ በተዋስኩት ነጭ ጋቢ ላይ ተዘረገፈ። ሐጂ "አስተግፊሩላህ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ተፈራ ከጠረጴዛው ሥር ረገጡኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ጠጋ አሉና "እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ቆንጆ ነው" ልል ነበር፣ እንደ ወትሮው። ግን አፌ ተቃጥሏል፣ እግሬ ተረግጧል፣ ጋቢው የሰው ነው። ተናደድኩ።

"ጨው ያንሰዋል!" አልኩ።

ጓዳ ውስጥ ማንኪያ ወደቀ። ስንታየሁ አለቀለት፣ በእኔ ምላስ ትዳሩ ፈረሰ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ወርቅነህ ግን ዘለው ተነሡና ወደ መጋረጃው ጮሁ። "ሰማሽ? እኔ ጨው አነሰው ስል ያረጀ ምላስ ነው ትይኛለሽ፤ ይኸው ሰው ተናገረ!"

ሰላማዊት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወጣች። "ደም ብዛት አለብህ አባዬ! ከእያንዳንዱ መጥበሻ አንዳንድ ሳትቀምስ አታሳልፍም። ገበያው ይቅር፤ አንተ ከምትቀርብኝ!"

ጋሽ ወርቅነህ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊሽካቸውን እንደ መቁጠሪያ ሲያሹ ቆዩና "ልጁን ጠልቼው አይደለም" አሉ። "አንቺ ስትሄጂ ማን ይቆጣኛል ብዬ ነው።"

ሐጂ ሸረፋ ሰዓቱን ያውቁበታል። ልጁ የተከራየው ቤት ከዚህ ሁለት ብሎክ አልፎ እንደሆነ፣ ሰላማዊት በየቀኑ መጥታ ልትቆጣቸው እንደምትችል ቃል ገቡላቸው። ሰውየው እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

"እንግዲያውስ መርቄያለሁ፣ ውሰዷት! ይህን አልጫ እጇንም ይዛልኝ ትሂድ!"

የቀዘቀዘ ቦንቦሊኖ እንዲያ ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም። ሠርጉ ተደገሰ። ሬስቶራንቱ ውስጥ ለገበያተኛው ጨው ገባ፤ ጋሽ ወርቅነህ በልጃቸው ትእዛዝ ከ"አቃቂ" ጣቢያ እንዳያልፉ ተደረገ። አሁን ቅዳሜ ወንበር አይገኝም። እኔም "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር" እያልኩ በሰፈሩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስንታየሁ ቤቴ መጣ። ሸሚዙ እንደገና ሰፍቶታል። ምነው ስለው፣ ሰላማዊት "ገና ከዛሬው ተጠንቀቅ" እያለች ቤቱ ውስጥ ጨው የሚባል ነገር እንዳጠፋችበት ነገረኝ። ታዲያ ለምን አትነግራትም አልኩት። ሽማግሌ ሰብስብልኝ አለኝ።

እሁድ ጠዋት ልንሄድ ነው። ሐጂ ሸረፋ አሁንም አፍህን አትክፈት ብለውኛል። እኔም በደንብ ቁርሴን በልቼ ነው የምሄደው። ምናልባት ምግብ አቅርባ "እንዴት ነው?" ካለችኝ፣ "ቆንጆ ነው" ብዬ ውልቅ! አባቷ ፊሽካ ነው ያላቸው፤ እሷ ግን መርፌ አላት።