ሦስት ቁጥር ይደገም

የልጅ ጥያቄ ባጭሩ መመለስ የማይሆንለት ሰው ከየቤተሰቡ አይጠፋም። ለአንዲት እናትና ለልጇ የደረሳቸው፣ በኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ደንብ ስም "ክቡር ፕሮቶኮል" የተባሉት ነበሩ፤ የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ የኔትወርክ ባለሙያው። የሰባት ዓመቷ የእህቱ ልጅ አንድ ቀን፣ "አጎቴ፣ ፎቶ ስልክ ውስጥ እንዴት ይመጣል?" አለችው። ሌላው "በአየር" ብሎ ይገላገላል። እሱ መቀስ አስመጣ።

ደብዳቤ ጽፎ አምስት ቦታ ቆራረጠ፤ በየቁራጩ ላይ ቁጥር ጽፎ አንዱን በመስኮት፣ አንዱን በጓዳ፣ ሌላውን በጎረቤት በኩል ላከላት።

"ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት እንዲህ ነው" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "በየትም ይምጣ፣ በቁጥሩ ትገጣጥሚዋለሽ። ሲደርስሽ 'ደርሷል'፣ የጎደለ ካለ 'ይደገም' በይ። ዝም ማለት ክልክል ነው!"

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ለቁርስ ስትጠራ "ጥሪሽ ደርሷል" ማለት ጀመረች። አጎትየው ይባስ ብሎ እንደ ኮምፒውተር ከዜሮ መቁጠር አስተማራት። መምህርቷ እናትየውን አስጠራቻት፦ "ልጅሽ ጣቶቿን ከዜሮ ጀምራ ቆጥራ፣ 'በአንድ እጄ ያለኝ አራት ጣት ነው' ትላለች።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልቀቃት!" ብላ እናትየው ወንድሟ ላይ ጮኸችበት።

"መምህርቷ ትልመደው" አሉ ክቡርነታቸው፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጅቱ ሆስፒታል ገብታ ጉሮሮዋን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። "ነቅታለች፤ ግን ዛሬ መናገር አትችልም። መግባትም አይፈቀድም" አለችና ነርሷ በሩን ዘጋችው። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ቀረች። "ነቅታለች የሚሉት እኔን ለማጽናናት ቢሆንስ?" ብላ ሰጋች።

ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ደብዳቤ የጻፈበትን ወረቀት ይቆርጣል።

"አሁንም?" አለችው፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጥታ።

ቁራጮቹን ለነርሷ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ምግብ ለሚያመላልሰው ሰውዬ፣ ለልጅቱ እንዲያደርሱላት አደላቸው። ቆይታ ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች። "እኔ ምንም አልገባኝም" አለች። በተንጋደደ የእርሳስ ጽሕፈት፣ "0 1 2 4 ደርሷል። 3 ይደገም" ይላል።

እናትየው ደጋግማ አነበበችው። ከዜሮ የምትቆጥረው የእሷዋ ጉድ ናት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ሦስትን ማን ጣለው?" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

ክቡር ፕሮቶኮል ሆን ብሎ ያስቀረውን ቁራጭ ከደረት ኪሱ አወጣ። "'ደርሷል' ብሎ መጻፍማ ነርሷንም አያቅታትም። የጎደለውን 'ይደገም' ማለት የምታውቀው ግን ልጅሽ ብቻ ናት። እኔስ ያልፈራሁ መሰለሽ?"

ደብዳቤው "ከበሩ፣ ውጪ፣ ያለነው፣ እናትሽና፣ እኔ ነን" ነበር። ሦስት ቁጥሩ "እናትሽና" ይላል።

"አምጣው፣ እኔው አደርሰዋለሁ" አለች እናትየው።

ነርሷ ወረቀቱንም እሷንም አየችና በሩን ገርበብ አደረገችላት። "አንድ ደቂቃ ብቻ!"

"ደቂቃዋን ከዜሮ ጀምረሽ ቁጠሪ" አላት ወንድሟ ከኋላዋ። "ትንሽ ትረዝምልሻለች።"