ባላባቱን ማን ይሥራ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተው ሰው መቼም ቴአትር ጽፎ አያውቅም። ጽፎ ቢሆን ኖሮ ከመብላትም የሚበልጥ ነገር እንዳለ ይደርስበት ነበር፤ ጭብጨባ። እናንተስ ተጨብጭቦላችሁ ያውቃል? የሠርጋችሁን ቀን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ለሙሽራ ሁሉ የሚደርስ ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው እናንተ ባሰባችሁት ነገር ሲስቅ ማለቴ ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ቀምሼዋለሁ። ጠጅ እንደዚያ አያሰክርም።

በደርግ ጊዜ ነው። ኮልፌ ያለው ቀበሌያችን እንደ ማንኛውም ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ አንድ ክራር፣ ሁለት ከበሮ፣ ድምፅ አለን የሚሉ አሥራ አምስት ወጣቶችና አንድ ደራሲ። ደራሲው እኔ ነኝ። ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው ተዋናይ የማይሰማበት ያ የቆርቆሮ አዳራሽ ዛሬም ይናፍቀኛል። ያኔ ግን መጻፉ ብቻ አልበቃኝም፤ የኪነት ኃላፊ መሆን አማረኝ። ኃላፊው የአዳራሹን ቁልፍ ይይዛል፣ የትኛው ቴአትር እንደሚታይ ይወስናል፣ እንግዳ ሲመጣ ከፊት ይቀመጣል። ሿሚው ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው። ስለዚህ አዲሱን ቴአትሬን ስጽፍ ጀግናውን፣ ባላባቱን የሚጥለውን ወዛደር፣ እሳቸው ራሳቸው እንዲሠሩት በልካቸው ሰፋሁት።

ባላባቱን የሚሠራ ግን ጠፋ። በዚያ ዘመን ማን ፊውዳል ይሁን? በመጨረሻ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሽ ስብስቤ፣ «ካባ ከለበስኩ ግድ የለኝም» ብለው ገቡበት። ጭሰኞቹ ፊት ጭራቸውን እያወዛወዙ «ተነሡ! ጌታችሁ መጥቷል!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወሬው ተዛመተና በሚቀጥለው እሑድ ከአስኮና ከዘነበወርቅ ሳይቀር ሰው መጣ። ወዛደሩ ሊቀመንበር ሦስት ገጽ ንግግር አድርገው ባላባቱን ሲጥሉት ግን ሕዝቡ አዘነ። አንዲት እናትማ «ምነው ሰውየውን ባይነኩት!» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

«ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለፊውዳሉ ነው» አሉኝ ሊቀመንበሩ። «ይሄ መታረም አለበት።»

«ይታረማል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሑድ ፊውዳሉን የምሠራው እኔ ነኝ። ያንተን የኪነት ኃላፊነት ነገር ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

«ጋሽ ስብስቤስ?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው። ሱቃቸው ሄጄ ስነግራቸው መርፌያቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ «ካባው ትከሻቸው ላይ ይጠባቸዋል፤ አምጣው ላስፋው» አሉኝ። አሰፉት። እሑድም ኮታቸውን ለብሰው መጡና ከፊት ወንበር፣ እኔ አጠገብ ተቀመጡ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሊቀመንበሩ በካባ ወጡ፣ ጭራቸውን አነሡ፣ «ተነሡ! ጌታችሁ መጥቷል!» አሉ።

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እሳቸው ስብሰባ ሲገቡ እንደለመድነው፣ ግራ እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን፣ ለፊውዳሉ ቆምን። ቆምን ነው የምላችሁ፤ ያቺን ቃል ለማሳቂያ ብዬ የጻፍኳት እኔም ቆሜአለሁ።

ጋሽ ስብስቤ ከተቀመጡበት ሆነው ኮቴን ሳብ አደረጉኝ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አሉ በቀስታ፤ «ቴአትር እኮ ነው።»

አልተቀመጥኩም። በሳምንቱ ተሾምኩ።