አርባ ዓሣ በአደራ

ጉዳዩ የአርባ ዓሣ ጉዳይ ነበር። አርባ ዓሣ ምን ያህል ነገር ነው? ለገበያተኛ ምንም አይደለም፤ አደራ ለተቀበለ ሰው ግን አርባ ሸክም ነው። የራሱን ያጠፋ ሰው “አባካኝ” ተብሎ ይታለፋል። የሰው ያጎደለ ግን “አደራ በላ” ይባላል፤ ይህ ስም ደግሞ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም አይቀበርም። እኔ እዚህ ሆላንድ አገር ከምኖርበት ከቢልመር ሰፈር እስከ መሐል ከተማ ያለውን የሜትሮ ፌርማታ፣ የቤቴን ደረጃ፣ ካህኑ በስብከት መሐል ስንቴ እንደሚያስሉ ሳይቀር የምቆጥር ሰው ነኝ። ባዶ እጄን መጥቼ ቤት ያቆምኩት በመቁጠር ነው።

ወዳጄ ተወልደ ምጽዋ ባሕር ዳር ያደገ፣ አማርኛን አዲስ አበባ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ የለመደ ኤርትራዊ ነው። ከቢልመር ወጣ ብሎ ፎልክስታውን የሚሉት የአትክልት ቦታ አለን። እኔ ጎመንና ቃሪያ ስተክል እሱ ከጎኔ ኩሬ ቆፍሮ ባርስ የሚባለውን፣ ጥቁር ሸንተረር ያለውን ዓሣ አረባበት። አንድ ስኑክም ጨመረ፤ አፉ እንደ ዳክዬ የረዘመ፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ፣ ዓሣ የሚበላ ዓሣ።

ከሦስት ዓመት በፊት ተወልደን ስትሮክ መታውና ልጁ ሉዋም ሮተርዳም ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሲሄድ በደህናው እጁ እጄን ይዞ፣ አርባ ናቸው፣ አደራ፣ ስመለስ ከገዛ ኩሬዬ አንድ እበላለሁ አለኝ።

ታዲያ ምን ላድርግ? በሆዴ ተኝቼ ውሃው ውስጥ እያየሁ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ሰባት ሆኑ። ያን ስኑክ ሦስቱን የት እንዳደረሳቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አራተኛውን ሲውጥ በዓይኔ አየሁት። ዓይኑ እያየ አደራ ሲበላ ዝም የሚል ሰው ምን ይባላል? በመረብ ያዝኩትና በባልዲ አድርጌ ከመንገዱ ማዶ ኩሬ ላላት ሆላንዳዊት ጎረቤት ሰጠኋት። ሴትዮዋ፣ እርግጠኛ ነህ? አለችኝ። ሌባ ከቤት ሲወጣ እርግጠኛ ነህ ይባላል?

ከዚያ ወዲያ በረከት ሆነ። በዓመቱ ዘጠና ደረሱ፤ በሁለተኛው ዓመት ሁለት መቶ አለፉ። እሑድ እሑድ ቁጥሩን በስልክ እነግረው ነበር፤ ተወልደም በትግርኛው “ጽቡቕ፣ ጽቡቕ”፣ ጥሩ ነው፣ ይለኛል። ስኑኩን ግን አላነሳሁለትም። ነባሮቹ እየከሱ ሲያልቁ፣ ልጆቻቸውም አልረዝም ሲሉ የእንጀራ ድርቆሽ በተንኩላቸው። ውሃው አረንጓዴ ሆነ እንጂ አንድም ዓሣ አልቀመሰው። ቢሆንም ዘንድሮ ሁለቴ ቆጥሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት አገኘሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

በዚህ በጋ ሉዋም አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛው መጣች። እዚህ ያደገች ስለሆነች “አንተ” ትለኛለች፤ አልቀየማትም። ጋሼ፣ ስማኝ፣ አባዬ አጥንት ያለው ነገር አይበላም፣ መዋጥ የምታለማምደው ሎጎፔዲስት ከልክላዋለች፣ ትልቅ ዓሣ ከሆነ ወፍራሙን ሥጋ ለይተን እንሰጠዋለን፣ ትንሽ ከሆነ ግን ያንቀዋል አለችኝ። ከአራት መቶ አንድ ትልቅ አይጠፋም ብዬ መረቤን ጣልኩ።

ሃያ ወጡ። ሁሉም ጣቴን የሚያክሉ፣ ጭንቅላታቸው ከገላቸው የገዘፈ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ሉዋም መረቡን አየችና፣ ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ መርፌ? አለች። ጫጫታችንን የሰማችው ጎረቤት ከኩሬዋ ክንድ የሚያክል ባርስ አውጥታ አሳየችን። ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ አንድ፤ እሷ ዘንድ ግን ያ ስኑክ ወፍሮ ይዋኛል።

ተወልደ ውሃውን ተመለከተና፣ ስኑኩስ? አለኝ። ነገርኩት። አንድ አንድ ቃል እየለቀመ፣ ወንድሜ፣ እሱ ጥቂቱን ሲበላ ለቀሩት ምግብ ይተርፋቸው ነበር፣ አንተ ጠላታቸውን አስወጥተህ ረሃብ አስገባህባቸው አለኝ። ቀጥሎ በግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ አይዞህ፣ አደራ በላ አልልህም፣ አንተ አደራ አርቢ ነህ አለኝ።

ጎረቤቲቱ የሷን ዓሣ ልትሰጠው ዘረጋችለት። አመሰገናትና እንቢ አለ። የናፈቀኝ ዓሣ አይደለም፣ የገዛ ውሃዬ ነው አለ።

እኔም ተቀምጬ ከስምንት የተቀቀሉ ትንንሽ ዓሦች ሥጋ በጥፍሬ ለቀምኩ፤ አንድ ጉርሻ ሞላልኝ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው የሚሉት መዋጥ ለሚችል ሰው ነው። ሉዋም ጉርሻዬን በጣቷ ፈተሸችና ፀጉር የመሰለ አጥንት አወጣች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ከእጄ ወሰደችው። ተወልደ የተፈጨ ድንች በላ። መንገዱ ስለሚያደክመው ከእንግዲህ እንደማታመጣው ስትወጣ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ሒሳቡ እነሆ። አርባ ተረክቤ አራት መቶ አሥራ ሁለት አስረክቤያለሁ። ትርፍ፣ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ዓሣ። ኪሳራ፣ አንድ ጉርሻ።