ክቡር ያዝልኝ ሸራ ሲወጥሩ

ውሃና መብራት ያልገባበት ሰፈር ሊኖር ይችላል፤ «ያዝልኝ» የሌለበት ሰፈር ግን ገና አልተሠራም። ያዝልኝ ሥራ ሥሩልኝ ብሎ አያስቸግርም፤ ሥራውን የሚሠራው ራሱ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አንዴ ይቺን ያዝልኝ።» «ይቺ» የተባለችው የመሰላል እግር ልትሆን ትችላለች፤ የመጋረጃ ጫፍ፣ የቧንቧ አንገትም ልትሆን ትችላለች። «አንዴ» የተባለው ግን ምሳህ እስኪቀዘቅዝ፣ ክንድህ እስኪደነዝዝ፣ ሚስትህ «የት ጠፋ?» ብላ ሰው እስክትልክብህ ድረስ ነው።

የእኛው ክቡር ያዝልኝ ቤታቸው ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የሰፈሩን ወሬ በመቀስ እየከረከምኩ የምኖር ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን የአንዱን ደንበኛዬን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቼ ግማሹን ሳልነካው ከማዶ ድምፃቸው መጣ።

«አንተ ልጅ! አንዴ ይቺን ያዝልኝ!»

ሄድኩ። «ይቺ» ቁም ሣጥን ነበረች። እዚያው ስቀር ደንበኛዬ የአንገት ጨርቁን እንዳሰረ ሊፈልገኝ መጣ። ክቡርነታቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ጎሽ፣ አንተ ደግሞ በዚያ በኩል ያዝ» አሉት። ያ ሰው እስከ ዛሬ ፀጉሩን የሚቆረጠው ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው።

አይፈረድባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ሾፌር ደግሞ ረዳት ከኋላው ከሌለ ሞተር አያስነሳም። የቤቱ ረዳት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ። እሳቸው ሚስማር ሲመቱ እትዬ ይይዛሉ፤ እሳቸው ግድግዳ ሲቀቡ የቀለሙን ጣሳ እትዬ ይይዛሉ። እየያዙ ደግሞ ይናገራሉ። «አንተ ሰውዬ፣ የጠመመው ግድግዳው ነው ወይስ አንተ?» መያዙ ለእኛ የተረፈው እትዬ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ነው።

ሸራው የመጣው ያን ሰሞን ነበር። ክቡርነታቸው ለዓመታት የነዱት መስመር በሐይቁ ዳር ያልፋል። እትዬ አንዳንዴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አብረዋቸው ይሄዱ ነበር። ሰዎች ሐይቁ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ሸራ ጨብጠው፣ ነፋስ እየነዳቸው ሲከንፉ ሁለቱም ያያሉ፤ ዊንድሰርፊንግ የሚሉት ነገር ነው።

«ጡረታ ስወጣ እኔም እሄድበታለሁ። አንቺ ዳር ላይ ወንበር አውጥተሽ ታዪኛለሽ» አሏቸው።

«ስትወድቅ ለማየት ከሆነ እመጣለሁ» አሉ እትዬ።

ጡረታው መጣ፤ በሽታውም ተከትሎት መጣ። ክቡርነታቸው ግን ቃላቸውን አልረሱም። አሮጌ ሸራና ሰሌዳ ገዝተው በእጅ ጋሪ እየገፉ ሰፈሩን አቋረጡ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ አንዱ ድንኳን ነው አለ፤ ሌላው ጣሪያ ሊቀይሩ ነው አለ። እኔ ለጨዋታው ማማር ስል አውሮፕላን ነው አልኩ። ሳይመሽ የአውሮፕላኑ ወሬ ሞተር ተገጥሞለት ተመልሶ ወደ እኔው መጣ።

እትዬ ከቤት መውጣት ስለማይችሉ ሸራው መጀመሪያ እሳቸው ፊት ተወጥሮ መታየት ነበረበት። ምሰሶው ሲገጣጠም ከወጥ ቤቱ መስኮት ተነሥቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ እትዬ አልጋ እግር ሥር ደረሰ። ሊያዝ የተጠራሁት እኔም፣ እሳቸውም ጀማሪዎች ነን። ምሰሶውን በሸራው ጠርዝ ባለው ረጅም ኪስ ውስጥ ማስገባት ለእባብ ሹራብ እንደ ማልበስ ነው። ቀጫጭኖቹን ዘንጎች በየኪሳቸው ከተትን። በእጅ የሚጨበጠውን ጎባጣ ዘንግ ገልብጠን አሰርነው፤ ፈታነው። የቀረው የታችኛው ገመድ ነው። ሻጩ፣ «ሸራው ከላይ በኩል ላላ ብሎ እስኪጨማደድ ሳቡት፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» ብሏቸዋል። እኔ ምሰሶውን ያዝኩ፤ እሳቸው እግራቸውን አስደግፈው ሳቡ። እውነትም ሸራው ከላይ ላላ።

«ተጨማዷል» አሉ እትዬ ከአልጋቸው።

«እንዲህ ነው አሉ እኮ የሚሆነው።»

«ማነው ያለው? ከዚህ ቤት የተጨማደደ ጨርቅ ወጥቶ አያውቅም። ፍታው!»

ተፈታ። ገመዱን ቀለል አድርገው ሲያስሩት ሸራው እንደተተኮሰ አንሶላ ልሙጥ አለ። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ጠርዙን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው መረመሩት።

«አሁን ሰው መሰለ» አሉ። «በዚህ ስትሄድ ነው የማይህ።»

ክቡር ያዝልኝ አቀርቅረው ገመድ ማሰር ጀመሩ። የታሰረውን ገመድ።

እትዬ ሳያዩዋቸው አረፉ። ሸራው ሳሎኑ ውስጥ እንደተወጠረ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ከምሰሶው ሥር ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ረጅሙ የባንክ ዘበኛ ሲገባም ሲወጣም ግንባሩን ተመታ። አንሱት የሚል ደፋር ግን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲያ ክቡር ያዝልኝ «ያዝልኝ» ማለት ተዉ።

በመስኮቴ አያቸዋለሁ። መሰላሉን ግድግዳ አስደግፈው ብቻቸውን ይወጣሉ፤ አምፖሉን ብቻቸውን ይቀይራሉ። ሰፈሩ ተገላገለ መባል ነበረበት። እኔ ግን ተቀየምኩ። እጄ ምን ሆነ? መቀሴን አስቀምጬ በር ላይ እቆምና እህ፣ እህ እላለሁ፤ ዞር አይሉም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ተሻገርኩ።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ልያዝልዎት?»

«ምን መያዝ ያስፈልገዋል? ራሱ ይቆማል» አሉኝ።

ይህን ከአፋቸው ከምሰማ ቀኑን ሙሉ ቁም ሣጥን ተሸክሜ ብውል በተሻለኝ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ጠዋት፣ እትዬ የሰፉልኝን የክት ሱሪ ተኩሼ ለብሼ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሳለ፦

«አንተ ልጅ! አንዴ ይቺን ያዝልኝ!»

መንገዱን ግራ ቀኝ ሳላይ ተሻገርኩ። ሸራውና ሰሌዳው ጋሪው ላይ ተጭነዋል። «ይቺ» የእትዬ የስፌት ወንበር ነበረች። ታቅፌያት ከጋሪው ኋላ ተከተልኩ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ወንበሯን ወደ ውሃው አዙረው አስቀመጧት። ሸራውን እንደገና ወጠርን፤ ልሙጥ አድርገን፣ እትዬ እንደወደዱት። እዚያ የሚያስተምር አንድ ወጣት አሰልጣኝ ቆሞ ሲያየን ቆይቶ ተጠጋ።

«አባት፣ ይሄ ልክ አይደለም። ገመዱ ገና ብዙ ይሳባል።»

«አውቃለሁ።»

«ከላይ ካልላላ እኮ ነፋሱ መውጫ የለውም። ይዞ ይጥልዎታል።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ ልጄ።»

ገቡ። ጣላቸው። ተነሡ፤ ጣላቸው። ሸራውን ከውሃው ባነሡት ቁጥር ነፋሱ አፍኖ ይይዘዋል፤ እሳቸውንም ከነጨበጡት ዘንግ ይደፋቸዋል። አሰልጣኙ ማየቱ ከብዶት ሄደ። በመጨረሻ ሸራውን እየጎተቱ ወጡና ወንበሯ አጠገብ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው የሚንጠባጠበው የሐይቁ ውሃ ነው ልበል፤ ግን ፊት ማየት ሥራዬ ነው።

«በዚህ ስትሄድ ነው የማይህ አለችኝ» አሉ። «በዚህ ደግሞ አይኬድም።»



ተነሡ። ወንበሯን በሁለት እጃቸው አንሥተው ጀርባዋን ለእኛ ሰጡ።

«አንዴ ወዲያ ዞር በይልኝ» አሏት ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ያዝልኝ።»

ምሰሶውን ያዝኩ። እግራቸውን አስደግፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ገመዱን ሳቡ። ሸራው ከላይ ላላ፤ ተጨማደደ። ቀና ብለው አላዩትም። አቅፈውት ውሃ ውስጥ ገቡ፤ ሰሌዳው ላይ ወጡ፤ ሸራውን አነሡ። ነፋሱ መጣ። የሸራው ጫፍ ከላይ ርግብ ርግብ ብሎ ትርፉን ነፋስ አሳለፈው፤ ክቡር ያዝልኝም ሄዱ። አንገታቸው የአውቶቡስ መስታወት ከፊታቸው እንዳለ ሁሉ ቀጥ ብሏል።

ሮጬ ወንበሯን ወደ ውሃው መለስኳት።

ብዙ አልሄዱም። ግልብጥ ብለው ወደቁና ከውሃው መሐል ድምፃቸው መጣ፦ «አንተ ልጅ! ኧረ ያዝልኝ!»

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ወጣን። ሸራው ጭምድድ እንዳለ ነው፤ የክት ሱሪዬም እግሬ ላይ ተለጥፎ ጭምድድ ብሏል። ወንበሯ ፊት ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን፤ ትንሽ ጠበቅን።

«ተጨማዷል» ያለን የለም።